ቺፕ ያለበትን ሌብል ማምረቻ መስመር እንዴት እንዳስተካከልን

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የሌብል ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከተሰጡኝ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ያስቸገረኝም ያስተማረኝም ቺፕ ያለበት ሌብል የሚመረትበትን መስመር ማስተካከል ነው። ፋብሪካው ለረጅም ጊዜ የኖረው በጠርሙስና በካርቶን ላይ የሚለጠፈውን ተራ ሌብል በማተምና በመቁረጥ ነበር። ተራ ሌብል ሲበላሽ በዐይን ይታያል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ወይም ቁርጡ ይዛነፋል። ቺፕ ያለበት ሌብል ግን ለአንባቢ መሣሪያ ቁጥሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚነግር ነው፤ ሞቶ መልስ መስጠት ቢያቆምም መልኩ አይለወጥም።

ሌብሉ ባትሪ የለውም። በስስ የፕላስቲክ ፊልም ላይ የአሉሚኒየም አንቴና ተሠርቶ፣ በአንቴናው መካከል ጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቺፕ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ማጣበቂያ ይያያዛል። አንባቢው መሣሪያ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ አንቴናውን ሲያገኘው ቺፑ ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዶ ይነቃና ቁጥሩን ሞገዱን መልሶ በማንጸባረቅ ያሳውቃል። ይህ ፊልም ከነቺፑ ኢንሌይ ይባላል፤ እኛ በጥቅልል እንገዛዋለን። የእኛ ድርሻ ኢንሌዩን በሚታተመው የፊት ወረቀትና ተልጦ በሚጣለው የሥር ወረቀት መካከል ማስገባት፣ ቅርጹን መቁረጥ፣ መፈተሽና መልሶ መጠቅለል ነው።

ታላቁ የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ዎልማርት በ2003 ታላላቅ አቅራቢዎቹ በካርቶኖቻቸው ላይ እንዲህ ያለ ሌብል እንዲለጥፉ በጠየቀ ጊዜ ብዙዎች ነገሩን እንደ ሙከራ አይተውት ነበር፤ በኋላ የልብስ መደብሮች በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ መጠየቅ ሲጀምሩ ግን ትዕዛዙ ከማሽኖቻችን አቅም በላይ ሆነ። የአስተዳደሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማሽኑን ምን ያህል ማፍጠን ይቻላል?» የሚል ነበር፤ እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ተነሣሁ። ሁለት ወር ያህል ፍጥነት ስጨምር ቆየሁ። በሰዓት የሚወጣው ሌብል በዛ፤ የሚጣለውም አብሮ በዛ፤ ለደንበኛ የሚላከው ጥሩ ሌብል ግን ከቀድሞው ብዙም አልበለጠም።

ያን ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቀላል ስሌት ሠራሁ። አንድ ሌብል በስድስት ደረጃዎች የሚያልፍ ቢሆንና በእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶው አንድ ብቻ ቢበላሽ፣ በመጨረሻው ላይ በደኅና የሚደርሰው ከመቶው 94 ገደማ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ «የኔ ክፍል 99 ከመቶ ነው» እያለ ተረጋግቶ ሲቀመጥ የመስመሩ ብክነት ግን ባለቤት አጥቶ ይኖራል። ፍተሻችን የነበረው በመስመሩ መጨረሻ ላይ ብቻ ስለ ነበር ስንት ሌብል እንደ ሞተ እናውቅ ነበር እንጂ የት እንደ ሞተ አናውቅም።

ስለዚህ የጨመርኩትን ፍጥነት መልሼ አወረድኩትና በሦስት ቦታ እንድንፈትሽ አደረግሁ፤ ኢንሌዩ ከጥቅልሉ ሲፈታ፣ ከመቁረጫው በኋላ፣ እና ከተጠቀለለ በኋላ። እያንዳንዱ ቺፕ ከአምራቹ ሲወጣ የማይለወጥ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ መጀመሪያ ላይ ታይቶ በኋላ የጠፋውን ቁጥር መለየት፣ በጥቅልሉ ላይ የነበረበትንም ቦታ ማወቅ ተቻለ። በአንድ ሳምንት የሰበሰብነው መረጃ በስብሰባ ካሳለፍነው ዓመት ይልቅ ብዙ ነገር ነገረን።

አንደኛው ግኝት አሁንም ያስቀኛል። ከመቁረጫው በኋላ የሚሞቱት ሌብሎች እኩል ርቀት እየጠበቁ ይሞቱ ነበር፤ በየ31 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር። ይህ ርቀት የአንድ ሮለር (ፊልሙን የሚያሳልፍ ተሽከርካሪ ሲሊንደር) ዙሪያ ቢሆንስ ብለን ለፓይ ስናካፍለው ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጣ፤ ከሮለሮቻችን መካከል ይህ ዲያሜትር ያለው አንድ ብቻ ነበር። ስናወርደው በላዩ ላይ ደርቆ የቀረ የማጣበቂያ ጉብታ ተገኘ፤ በዞረ ቁጥር አንድ ቺፕ ይጨፈልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቺፑ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሮለሮቹ ጠባብ ጎድጓዳ ቦይ እንዲኖራቸው አዘዝን፤ ጽዳቱንም ከሳምንት ወደ እያንዳንዱ ሽፍት አመጣነው።

ሁለተኛውን ያገኘሁት በመረጃ አይደለም። በመጠቅለያው ላይ የሚሠሩ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በጥር ወር አንድ ጠዋት ቡና ስንጠጣ «ልጄ፣ ይኼ ማሽን በጋ ላይ ሰላም ነው፤ ብርዱ ሲገባ ግን በነካሁት ቁጥር ይነዝረኛል» አሉኝ። ለጥገና ክፍል ከአንድም ሁለት ጊዜ ነግረው ማንም እንዳልሰማቸውም ጨመሩ። እኔም ብሆን ከዚያ ቀን በፊት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። የኦሃዮ ክረምት ውጭው በረዶ ነው፤ በማሞቂያ የሞቀው የፋብሪካ አየር ደግሞ እጅግ ደረቅ ይሆናል። ፊልም ከጥቅልል በፍጥነት ሲላቀቅ የኤሌክትሪክ ሙል ያከማቻል፤ ደረቅ አየር ደግሞ ሙሉን ቶሎ አያሰናብተውም። የሰውን ጣት የሚነዝር ብልጭታ ለቺፕ መብረቅ ነው። የብልሽቱን መዝገብ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳስተያየው የእትዬ ጣት ከመፈተሻችን ቀድሞ ማወቁን አረጋገጥሁ። አየሩን በማርጠቢያ መሣሪያ ከ40 ከመቶ እርጥበት በታች እንዳይወርድ አደረግን፤ ፊልሙ በሚፈታበትና በሚጠቀለልበት ቦታ ሙሉን የሚያጠፉ አዮን ነፊ ዘንጎች ተከልን፤ የማሽኑንም አካላት ከመሬት ጋር ያገናኘው ሽቦ በየወሩ እንዲለካ አዘዝን።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳፍረው ነው፤ የሚዋሸው መፈተሻችን ራሱ ነበር። ኃይሉ ከሚገባው በላይ ስለ ተለቀቀ፣ የሞተ ሌብል ከአንቴናው በላይ ሲያልፍ ጎረቤቱ ስለ እርሱ ይመልስለት ነበር። ተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲነበብ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ያሳልፈው እንደ ነበር ያየነው መዝገቡን መስመር በመስመር ስናነብ ነው። ኃይሉን ቀነስን፣ ከአንቴናው ግራና ቀኝ መከለያ ብረት አኖርን፣ የተደገመ ቁጥርም ሲመጣ ማሽኑ እንዲቆም አደረግን። በተቃራኒውም ስሕተት ነበረ። ሌብሉን በባዶ አየር ላይ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ብቻ፣ በ915 ሜጋኸርዝ እንፈትነው ነበር። ሌብል በካርቶን ወይም በጨርቅ ላይ ሲለጠፍ የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በደንብ የተነደፈ ሌብል በአየር ላይ ሲፈተን ከፍ ብሎ መገኘቱ ተፈጥሮው ነው። እኛ ይህን ባለማወቅ «ደካማ» እያልን የጣልናቸው ጥቅልሎች በካርቶን ላይ ለጥፈን ስንሞክራቸው ከጥሩዎቹ አይለዩም። ምን ያህል ደኅና ሌብል እንደ ጣልን አስልቼ ለአለቃዬ ሳቀርብ ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የሌብል ዓይነት ሰፋ ባለ የፍሪኩዌንሲ ክልል ላይ የሚያነቃውን ዝቅተኛ ኃይል እየለካን የማለፊያውን ልክ ወሰንን።

ከአንድ ትዕዛዝ ወደ ሌላ ትዕዛዝ የመሸጋገሪያውን ጊዜ ማሳጠር በአንጻሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ማሽኑ እየሠራ ሊዘጋጅ የሚችለውን ሁሉ፣ ማለትም የሚቀጥለውን መቁረጫ፣ ጥቅልልና የፍተሻ ልክ፣ አስቀድሞ በጋሪ ላይ ማዘጋጀት በቂ ነበር፤ ዘዴው ከእኛ በፊት በመኪና ፋብሪካዎች የታወቀ ነው።

ገና ያልፈታሁት በጥቅልሉ እምብርት ያለው ነው። ወደ መሐል የሚጠጉት ሌብሎች አጥብቀው ይታጠፋሉ፤ በላያቸው የተጠቀለለውም ክብደት ቺፑን ይጫነዋል። በፋብሪካው ውስጥ ለምንጠቀምባቸው ጥቅልሎች እምብርቱን ከ76 ሚሊ ሜትር ወደ 152 ሚሊ ሜትር አሳድገን፣ የመጠቅለያውንም ጉተታ ቀንሰን ብዙ ተሻሽሏል። ነገር ግን አንዳንድ ደንበኞቻችን ያላቸው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማተሚያ ነው፤ እርሱ የሚቀበለው 25 ሚሊ ሜትር እምብርት ብቻ ነው። ለእነርሱ በአንድ ጥቅልል ላይ ያለውን ሌብል ቁጥር እያሳነስን እንልካለን፤ እነርሱም ጥቅልል ቶሎ ቶሎ መቀየሩ አሰልችቶናል እያሉ ይጽፉልናል። በዚህ ሳምንት ከመጨረሻዎቹ ሃምሳ ሌብሎች ስንቱ እንደሚሞቱ በሦስት ዓይነት ጉተታ እየለካን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቅልሎች የጠቀለሉልኝም እትዬ ናቸው።