በባሕር መጨረሻ የያዘችው እጅ

ልጄ የዓሣ ተመራማሪ ነው። ከጠላቂ ባልደረቦቹ ጋር ወደ ጋላፓጎስ ሊሄድ ሲነሣ፣ ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በውቅያኖስ መካከል ያሉትን ደሴቶች በካርታ አሳይቶኝ፣ እነርሱና የእኛው ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ሲመዘገቡ አብረው እንደ ገቡ ነግሮ አጽናናኝ። በዚያ አካባቢ ካልሆነ በቀር የማይገኝ፣ ከውኃ ወጥቶ በዓለት ላይ የሚንፏቀቅ፣ ዓይኑ በአየርም በውኃም እንዲያይ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ ዓሣም በፎቶግራፍ አሳየኝ፤ የፈጣሪን ሥራ አደነቅሁ።

ሐይቅ ከተማ ባለው ቤቴ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ነበር፤ ከመርከቧ መልእክት ደርሶት ኖሮ፣ ዎልፍ በተባለችው ደሴት አጠገብ ለዓሦቹ ምግብ የሚያመጣው ብርቱ የውቅያኖስ ጅረት ልጄን ከባልደረቦቹ ለይቶ እንደ ወሰደው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነገረኝ። እዚያ ገና ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ ሳይመሽ ካልተገኘ ግን በዚያ ጨለማ ማን ያየዋል? አልደብቅም፣ ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበርና የመጀመሪያ ቃሌ “እርሱንም ልትወስድብኝ ነው?” የሚል ነበር። ጮኼ አማረርሁበት። ጩኸቴን የሰማች ሙስሊሟ ጎረቤቴ መጥታ ነጠላዬን አለበሰችኝና ከጎኔ ተቀመጠች፤ ውለታዋን እርሱ ይክፈላት፣ እስኪነጋ አልተለየችኝም። እርሷ ዱአ ስታደርግ እኔ ዘግቼው የነበረውን ዳዊት ገለጥሁ። ዓይኔ መዝሙር 138 ላይ ዐረፈ፦ “እስከ ባሕር መጨረሻም ብበርር፥ በዚያ እጅህ ትመራኛለች፥ ቀኝህም ትይዘኛለች።” ልጄ ያለው እዚያው አልነበረምን? ቁጣዬ ወደ እንባ ተለወጠ፤ ያንኑ ቃል እየደጋገምሁ ለግሸን ማርያም ተሳልሁ።

9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኩ እንደገና ጮኸ። እጄ ስለ ከዳኝ ጎረቤቴ አነሣችው። “ተገኝቷል!” ሌሎቹ ሊመለሱ ሲሉ አንድ የጀልባ ነጂ፣ ስሙን ባላውቀውም እግዚአብሔር ዘመኑን ይባርክለትና፣ “አንድ ጊዜ ልዙር” ብሎ፣ ልጄ በትንፋሹ ነፍቶ ያቆመውን ብርቱካናማ ቱቦ የምትጠልቀው ፀሐይ ስትመታው በማዕበሉ መካከል አየው።

ከወራት በኋላ በደኅና ተመለሰ። መስከረም 21 ጎረቤቴ ስንቃችንን ቋጥራልን፣ ከልጄ ጋር ግሸን ወጥቼ የተሳልሁትን ጃንጥላ አስገባሁ። ልጄ ያላለቀውን የዓሣ ቆጠራ ሊጨርስ ዳግመኛ ለመሄድ ፈቃዴን ሲጠይቀኝም፣ መርቄ ሂድ ብየዋለሁ።