ቬጅ ማለት የጾም ማለት አይደለም፦ በአዲስ አበባ መሃል የሕንድ ምግብ ኪስ ሳይጎዳ

ሕንድ ቤት ገብተው ቢል ሲመጣ የሚደነግጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ውድ ቤት መግባታቸው አይደለም። ያዘዙት እንደ ሀበሻ ምግብ ቤት ስለሆነ ነው። እኛ ጥብስ ስናዝ እንጀራው አብሮ ይመጣል። ሕንድ ቤት ግን ወጡ ለብቻው፣ ዳቦው ለብቻው፣ ሩዙም ለብቻው ይታሰባል። አራት ሰው አራት ወጥ፣ አራት ሩዝና ስድስት ናን ካዘዘ ግማሹ ገበታ ላይ ይቀራል፤ ሒሳቡ ግን አይቀርም።

ለአራት ሰው የሚበቃው አንድ ዳል (የምስር ወይም የክክ ወጥ)፣ አንድ መረቅ ያለው ወጥ፣ አንድ ደረቅ አትክልት፣ ለጋራ የሚሆን አንድ ነጭ ሩዝና ስምንት ታንዱሪ ሮቲ፣ ማለትም ታንዱር በሚባል ምድጃ የተጋገረ ቂጣ፣ ነው። ደረቅ አትክልት ስንል አሉ ጎቢ፣ ማለትም ድንችና አበባ ጎመን፣ ወይም ቢንዲ፣ ማለትም ባሚያ። ሮቲውን አራት አራት አድርጋችሁ አስመጡ፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ሮቲ ከናን የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የሮቲ ሊጥ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው። ናን ግን በፉርኖ ዱቄት ተሠርቶ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል፣ አንዳንዱ ቤት እንቁላልም ይጨምርበታል፤ ሲወጣ ደግሞ ቅቤ ይቀባል።

ቢሪያኒ ካዘዛችሁ ሌላ የሥጋ ወጥ አትጨምሩ። ሥጋውም ቅመሙም ሩዙ ውስጥ ነው፤ አንድ ቢሪያኒና አንድ ዳል ሁለት ሰው ያጠግባል። ብቻውን ለሚበላ ደግሞ ታሊ የሚባለውን የሚያህል የለም። በአንድ ሳህን ዳል፣ አትክልት፣ ሩዝ፣ ሮቲና አቻር የሚሉት ኮምጣጣ ማባያ ተደርድሮ ይመጣል። ታሊ የሚሠሩ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ለምሳ ብቻ ስለሚያቀርቡት፣ ከዋናው ሜኑ ውስጥ ላይኖር ይችላል። አስተናጋጇን "እህቴ፣ የምሳ ታሊ አላችሁ? ዳሉን ማስጨመር ይቻላል?" ማለት ነው።

ታክሱን አትርሱ። ከሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል "ዋጋው ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም" የሚል ካለ፣ 10 በመቶው ሰርቪስ መጀመሪያ ይደመራል፣ 15 በመቶው ቫት ደግሞ በድምሩ ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ጭማሪው 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ነው። ሜኑ ላይ 600 ብር ያለው ምግብ 660 ይሆናል፣ ከዚያ 759 ብር ይከፈላል። ሰርቪስ ከተቆረጠባችሁ ጉርሻ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም፤ ካልተቆረጠ ግን አስተናጋጇን አትርሷት።

ወዴት ይኬዳል ለሚለው፣ ቦሌ መንገድ ላይ ሳንጋም፣ እንዲሁም ጁዌል ኦፍ ኢንዲያ ለዓመታት ስማቸው ሲጠራ የኖሩ ናቸው። ከእነሱ ውጭ ከዋናው አስፋልት አንድ ወይም ሁለት ቅያስ ገባ ያሉትን ማየት ያዋጣል፤ የፊት ለፊት ኪራይ መጨረሻ ላይ ዳሉ ላይ ነው የሚደመረው። ግን በድሮ አድራሻ አትተማመኑ። የፒያሳ ብዙ ቦታ በ2016፣ የካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ ስልካችሁ ካርታ ላይ ያለው ነጥብ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ወይም አረንጓዴ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ያለ የሜኑ ፎቶም ያው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ባስማቲ ሩዝ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተነሣ ፎቶ ለመሳቂያ ካልሆነ አይጠቅምም። ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ጾሙ። ሕንዶች ቬጅ ሲሉ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለታቸው ነው። ወተት፣ እርጎ፣ ክሬምና ቅቤ ግን ለእነሱ ቬጅ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ሜኑው ላይ የቬጅ ምልክት የሆነውን አረንጓዴ ነጥብ አይቶ ፓላክ ፓኒር የሚያዝ ሰው ጎመን በአይብ ነው የሚበላው። "ጾም ነው?" ብሎ መጠየቅም ብዙ አይረዳም፤ ኩሽና ያለው ሼፍ ጾም ሲባል የራሱን ጾም ሊያስብ ይችላል፣ በእሱ ጾም ደግሞ ወተት ይጠጣል። በስማቸው ጥሩ፦ "በዘይት ብቻ ይሠራልኝ። ቅቤ፣ ጊ፣ ክሬም፣ እርጎ፣ ፓኒር እንዳይገባበት።" ጊ ያሉት ያለ ኮረሪማና ያለ ኮሰረት የነጠረ ቅቤ ነው፤ እንደ እኛው ንጥር ቅቤ ስለማይሸት በአፍንጫ አይያዝም።

ከዚያ የትኛው ምግብ ሊስተካከል እንደሚችል ማወቅ ነው። ዳል ታድካ ይቻላል። ምስሩ ወይም ክኩ በውኃ፣ በእርድና በጨው ተቀቅሎ ይቀመጣል። ታድካው፣ ማለትም ቁሌቱ፣ እንደ እኛ መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። በትንሽ መጥበሻ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ይንጫጫና እንደጋለ ዳሉ ላይ ይደፋል። ስለዚህ ሼፉ ጊውን በዘይት ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ቻና ማሳላ (የሽምብራ ወጥ)፣ አሉ ጎቢና ቢንዲም እንደዚሁ። ዳል ማካኒ ግን ለሰዓታት ከቅቤና ከክሬም ጋር የበሰለ ነው፤ ኮርማም ማላይ ኮፍታም ያው። እነሱን "ያለ ቅቤ አድርጉልኝ" ማለት ክትፎን ያለ ሥጋ እንደ ማዘዝ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሬስቶራንቱ እያንዳንዱን ወጥ ከሽንኩርት አይጀምርም። ጠዋት በትልቅ ድስት የሽንኩርትና የቲማቲም ግሬቪ፣ ማለትም ወፍራም መረቅ፣ ተሠርቶ ይቀመጥና ትእዛዝ ሲመጣ እየተጨለፈ ቅመም ይጨመርበታል። ያ ድስት ጠዋት በቅቤ ከተሠራ የእናንተ ሳህን ላይ ቅቤ ባይጨመርም ቅቤው አለ። ስለዚህ ጥያቄው "ግሬቪው ራሱ በምንድን ነው የተሠራው?" መሆን አለበት። ናንም ሊጡ ቀድሞ ስለተቦካ ወተቱን ማውጣት አይቻልም፤ ሮቲ "ቅቤ ሳይቀባ" ብላችሁ እዘዙ። ጂራ የሚሉት የከሙን ሩዝ በጊ ሊሆን ስለሚችል ነጩን ውሰዱ።

በፍስክ ቀን ፓኒር የሚወደደው ለምን እንደሆነ ማወቅም ለኪስ ይጠቅማል። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው የሚወጣው። ፓኒር ግን ቅቤው ያልወጣለት ወተት ፈልቶ፣ በሎሚ ተቆርጦ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት የሚጠነክር ነው። ከአንድ ሊትር ወተት 200 ግራም ገደማ ቢገኝ ነው። ስድስት ቁራጭ ፓኒር ብቻ ያለበት ሳህን ሲመጣ ባለቤቱ ስስታም ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ሰዓት አስተውሉ። ታንዱሩ በከሰል የሚነድ ከሆነ ለመጋል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በጣም ቀድሞ የሄደ ሰው በመጥበሻ የተጋገረ ሮቲ ሊቀርብለት ይችላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ጀርባው ላይ ነው፣ የታንዱሩ እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ እብጠት አለው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች ግን እዚህ ጋ ይቸገራሉ፤ አንዳንድ ቤቶች ከምሳ በኋላ እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ኩሽናቸውን ይዘጋሉ።

የቻና ማሳላው ሽምብራ ጥሬ ጥሬ ካለ ጥፋቱ የከፍታችንም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሌሊቱን ያልተዘፈዘፈና በፕሬዠር ኩከር ያልተቀቀለ ሽምብራ በጣት ሲጫኑት መሃሉ ይፈረፈራል እንጂ አይድጥም። መልሱት፤ ሌላ ቀቅለው ካላስቀመጡ በዳል ያስቀይሯችሁ። ዶሳ የሚባለውን ስስ ቂጣም ቅዝቃዜው ይጎዳዋል። የሩዝና ኡራድ የሚባለው ጥራጥሬ ክክ ሊጡ እንደ ጤፍ በእርሾ አይቦካም፣ በራሱ ነው የሚነሣው፤ በሞቃት አገር አንድ ሌሊት የሚበቃው ሊጥ በክረምት እዚህ አይደርስም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶሳ ገርጥቶ፣ ኮምጠጥ ሳይል ከመጣ ሊጡ ገና ነበር።

ስለ ጣዕሙ አጭር ነገር። ወጡ ቀይ ነው ብላችሁ በርበሬ አትጠብቁ፤ ካሽሚሪ የሚባለው ቃሪያ ቀለሙ እንጂ ማቃጠሉ ትንሽ ነው። በተር ቺክን ለሀበሻ አፍ ይጣፍጣል፣ ማለትም ስኳር ስኳር ይላል፤ ዶሮ ካሰኛችሁ ቅመሙ ጠንከር ያለው ካዳይ ወይም ቪንዳሉ ይሻላል። ሥጋው በማን እንደተባረከ የሚያስጨንቀው ሰው ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ፣ ከበላ በኋላ መጠየቅ ለማንም አይበጅም።

ለቤት የምትወስዱ ከሆነ ዳቦውን እዚያው ተዉት። ናን በፎይል ተጠቅልሎ ከቦሌ ሜክሲኮ እስኪደርስ በራሱ እንፋሎት ላስቲክ ይሆናል። ወጡን ብቻ ግዙና በእንጀራ ብሉ። ዳል ቀጭን ስለሆነ እንጀራውን ያረጥበዋል፣ ድስት ላይ መልሳችሁ ለአምስት ደቂቃ ሳትከድኑ አትኑት። ካዳይና አሉ ጎቢ ምንም አይፈልጉም፤ ከማግስቱ እንጀራ ጋር እንዲያውም ይስማማሉ።