ሃይላንዷን ማን ጨመቃት?

ለቡ ባቡር ጣቢያ፣ ባቡሩ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ የገዛኋትን ሃይላንድ ውሃ ጠጥቼ ጨረስኩና ክዳኗን አጥብቄ ዘግቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ከዚያ ረሳኋት። አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፈን ድሬዳዋ ልንገባ ስንቃረብ፣ ፊት ለፊቴ ከእናቱ ጋር የተቀመጠ ልጅ አነሳትና «ጋሼ፣ ይቺን ሃይላንድ ማን ጨመቃት?» አለኝ።

ማንም አልነካትም። ልጁ ግን ልክ ነው፤ ሁለቱም ጎኗ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ወገቧ ተጣሟል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ። ለቡ ላይ ክዳኑን ስዘጋው ውስጧ የቀረው ስስ የሆነው የአዲስ አበባ አየር ነው። እየወረድን በሄድን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይበዛል፣ ይከብዳል። የውስጡ ያው ሆኖ የውጪው ሲበረታ ጠርሙሷ መጎበጥ አለባት። ለልጁ በዚሁ ቃል ነገርኩት። ክዳኑን ከፈተው፣ አየሩ ሲገባ ጠርሙሷ ቋ ብላ ተስተካከለች፤ ቶሎ ብሎ መልሶ ዘጋት። «አሁን ውስጧ ያለው የድሬ አየር ነው?» አለ። እናቱ «በቃ፣ የሰው ዕቃ ነው» ብትለውም አልሰማትም፤ እኔም ጠርሙሷን አልተቀበልኩትም፤ እስክንወርድ ድረስ በእጁ እንደያዛት ነበር።

ወደ ድሬ የሄድኩት ስለ ውቅያኖስ ለመምህራን ለማስረዳት ነበር። ሥራዬ የሕንድ ውቅያኖስን የሙቀት መረጃ መተንተን ነው። ድሬ ውስጥ ጂኦግራፊ የምታስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ «የሴሚስተር እረፍት ላይ ነን፤ ዝም ብለህ ለእነዚያ ለፈረንጆቹ ብቻ ከምታወራ መጥተህ አንድ ቀን ለእኛም ንገረን» ብላ ደወለችልኝ። ለሙያ ባልደረቦቼ ያዘጋጀሁትን ስላይድ ወደ አማርኛ መልሼ ተነሳሁ። ያንን ማድረጉ ይበቃል መስሎኝ ነበር።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በባጃጅ ገባሁ። ከዚራ ጥላው እንደ ድሮው ነው። አሮጌው ለገሃር በር ላይ ቆም ብዬ አየሁት። ከጅቡቲ ወደብ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ሰው ባሕር የሌላት ይበላት እንጂ እኔ ድሬን የባሕር ልጅ እላታለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሃያ ስምንት መምህራን ተሰበሰቡ። ከጥቂት መግቢያ በኋላ የምወደውን ሥዕል አሳየሁ። በማዕከላዊና በምሥራቅ ፓስፊክ የምድር ወገብ ላይ ያለው የባሕር ገጽ ሙቀት በየዓመቱ እንዴት ከፍ ዝቅ እንዳለ የሚያሳይ ግራፍ ነው፤ መሐል ላይ «0» ተብሎ የተሰመረ መስመር አለው። ኤልኒኖ የሚባለው መስመሩ ከዚህ ዜሮ በ0.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ነው። ይህን እያልኩ ሳለ ፊት ለፊት የተቀመጡ ጸጉራቸው የሸበተ የሒሳብ መምህር እጃቸውን አነሱ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ዜሮ ሲሆን ባሕሩ በረዶ ሆነ ማለት ነው?»

ማንም አልሳቀም። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም መልሱን እየጠበቁ ነው። ለስንት ዓመት ይህን ሥዕል ሳሳይ ኖሬያለሁ፤ የሚያየው ሰው ዜሮን እንደ ሙቀት መጠን ያነበዋል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ዜሮው የብዙ ዓመት አማካይ እንደሆነ፣ ያ የባሕር ክፍል ደግሞ ምን ጊዜም ሞቃት እንደሆነ አስረዳኋቸው። መምህሩ ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ዜሮ ማለት "እንደ ወትሮው" ማለት ነዋ፤ ለምን እንደዚያ ብለህ አልጻፍክበትም?» አሉኝ።

ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ ግራፉን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሳልኩት። በዜሮው ቦታ «እንደ ወትሮው»፣ ከላይ «ከወትሮው የሞቀ»፣ ከታች «ከወትሮው የቀዘቀዘ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእነሱ ሆነ። የ2007 ዓ.ም ክረምት የት ላይ ነው አሉ። አሳየኋቸው፦ መስመሩ ሽቅብ እየወጣ ነው፤ በ2008 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ከወትሮው ከ2 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነበር። በዚያው በ2008 በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ፣ ከድሬ በስተ ሰሜን ያለው የሲቲ ዞንም ክፉኛ ተጎዱ። በዚያን ጊዜ ገጠር ታስተምር የነበረች መምህርት ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ነጥቡን በጣቷ ነካችው። «ይሄኔ ነው ክፍሌ ባዶ የቀረው» አለች። «ልጆቹ ከከብቶቹ ጋር ውሃ ፍለጋ ሄደው ነበር። እኛ ዝናቡ ቀረ ነው ያልነው፤ የሩቅ ባሕር ሞቆ ነው ብሎ የነገረን የለም።»

ፓስፊክ ሲሞቅ ከባሕሩ ላይ አየር ሽቅብ የሚነሳበት ቦታ ይቀየራል፤ ከዚያ ጋር ክረምታችንን የሚያመጡት ነፋሶች ይዳከማሉ። በመኸር ወራት ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ነገሩ ተገልብጦ ዝናቡ ሊበረታ ይችላል፤ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ከሞቀ ይብሳል። ባሕሩ ዕድሉን ይቀይራል እንጂ የእያንዳንዱን ቀን ዝናብ አይወስንም፤ ይህንን ደጋግሜ አልኩት። ምክንያቱም ከኋላ ወንበር አንዲት መምህርት ዝቅ ባለ ድምፅ «የደቻቱንስ ጎርፍ የትኛው ባሕር ነው ያመጣው?» ብላ ጠይቃለች። ድሬ ላይ ይህ ጥያቄ የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ከደጋው የወረደው ውሃ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል፤ ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ የሚውል ወንዝ ነው። አንድን ሌሊት ለአንድ ባሕር ሰጥቶ መናገር እንደማይቻል፣ ሳይንቲስት ነኝ ብሎ እንደዚያ የሚናገር ሰው ቢመጣም እንዳያምኑት ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያን ቀን መልሶቼ ሁሉ ይህኛውን በጥንቃቄ መመለሴ ደስ ይለኛል።

ከሻይ በኋላ ሃይላንዷን አወጣሁ፤ ልጁ ሲወርድ መልሶልኝ ነበር። የባቡሩን ታሪክ ነግሬ ከቦርሳዬ ሁለት ኩባያዎች ጨመርኩ። ሁለቱም ከነጭ ፎም የተሠሩ፣ ሲገዙ አንድ ዓይነት መጠን የነበራቸው ናቸው። አንደኛው በመረብ ታስሮ ከምርምር መርከብ ላይ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር 2,000 ሜትር ገደማ ወርዶ ወጥቷል። ሲወርድ የሻይ ኩባያ ነበር፤ ሲመለስ የቡና ሲኒ አክሏል። የጻፍኩበት ስሜ እንኳ ቅርጹን ሳያጣ አንሷል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ በባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን የአየር ክብደት የሚያህል ጫና ይጨመራል፤ 2,000 ሜትር ላይ 200 እጥፍ ይደርሳል። ሃይላንዷን ያጎበጣት የአንዱ የአየር ክብደት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ኩባያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁሉም በጥፍራቸው ይጫኑት ነበር፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ለተማሪዎች እንዲህ ያለ ኩባያ ማውረድ የባሕር ተመራማሪዎች የቆየ ልማድ ነው። ልጆቹ ይሥሉበታል፣ መርከቧ ታወርድላቸዋለች፣ አንሶ ይመለስላቸዋል። ከማውቃቸው ጥናትን ለሕዝብ የማካፈያ መንገዶች ሁሉ ይህችን የሚስተካከል አላየሁም፤ ጥልቁ ባሕር የተማሪው እጅ ላይ ይመጣልና።

ከቀትር በኋላ ድሬ ታርፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ 10 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚያ ሰዓት ከአንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ጋር ወደ ኮረብታዎቹ ግርጌ ወጣን። በመንገዳችን ቀፊራ ገበያ ሎሚ ገዛን። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ «አሲድ ካቢኔያችን ውስጥ ካለቀ ቆይቷል፣ ሎሚ ግን መቼም አይጠፋም» አለች።

የድሬ ኮረብቶች የኖራ ድንጋይ ናቸው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ይህ ምሥራቃዊ አገር ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ባሕር ነበር፤ ድንጋዩ የዚያ ባሕር ወለል ነው። ጎንበስ ብለን ስንፈልግ መምህርቷ አንድ ስባሪ አነሳች። ላዩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ዛጎል ጠርዟ እንደ ማበጠሪያ ተከርክሞ ተቀርጻለች። ተወልጄ ያደግሁት በዚህ ድንጋይ በተሠራ ቤት ነው አለችኝ፤ ለረጅም ጊዜ ከእጇ አላወረደችውም።

ሎሚውን ቆርጠን ሌላ ስባሪ ላይ ጨመቅንበት። ምንም። ጠጋ ብለን አየን፤ አሁንም ምንም የረባ ነገር የለም። «ፍቀው» አለች። በቁልፌ ጫፍ ፍቄ ነጭ ዱቄት አወጣሁና ዱቄቱ ላይ ጠብ አደረገችበት። ቸስ አለ፤ ጥቃቅን አረፋ ፈላ፣ ጠርዙ ላይ ቆየና ጠፋ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የባሕር እንስሳት ዛጎላቸውን ሲሠሩ የያዙት፣ ሚሊዮን ዓመታት ድንጋይ ውስጥ የተቀመጠ ካርቦን። ድሬ የሲሚንቶ ከተማም ናት፤ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ሲያቃጥል የሚያወጣው ይህንኑ ጋዝ ነው። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሩብ ገደማ የሚሆነውን ደግሞ መልሶ ውቅያኖስ ይውጠዋል። ሲውጠውም ውሃው ወደ አሲድነት ያደላል፦ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ የነበረው ፒኤች፣ ማለትም ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚናገረው መለኪያ፣ አሁን 8.1 ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በአሲዳማነት ሲሰላ ከሩብ በላይ ጭማሪ ነው፤ ዛጎል ለሚሠራ ፍጥረት ኑሮ ይከብዳል። ይህን በስላይድ ላይ በሦስት ገጽ አስፍሬው ነበር። መምህርቷ ሎሚውን እየጠቀለለች «ስድሳ ተማሪ፣ አራት ሎሚ ይበቃኛል» አለች።

ከራሴ ሙያ ጋር የተጣላሁት እዚያ ኮረብታ ሥር ነው። ጥናታችንን በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ ብዙ ጊዜም ገንዘብ ለሚከፍል ብቻ በሚከፈት መጽሔት አውጥተን፣ ከዚያ «ሕዝቡ አይረዳም» እንላለን። ለመምህር ስንነግርም የምንሰጠው የመጨረሻውን ውጤት ነው፤ እንዴት እንደደረስንበት ግን እኛው ዘንድ ይቀራል። መምህር የሚፈልገው ግን እኔ ከሄድኩ በኋላ ብቻውን፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ክፍል፣ ደግሞ ሊያሳየው የሚችለውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የውቅያኖስ ሳይንስ ዐሥርት ብሎ ሰይሞታል። ዐሥርቱ ለባሕር ዳር አገሮች ብቻ ከሆነ ጎደሎ ነው፤ ዝናቡን ከባሕር የሚቀበል ገበሬ ሐረርጌ ውስጥም አለ።

በሁለተኛው ቀን መረጃውን ራሱን አስረከብኳቸው። አርጎ የሚባሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ አሉ። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ላይ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይጠልቅና ሙቀቱንና ጨዋማነቱን እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፣ የለካውን በሳተላይት ይልካል፣ ተመልሶ ይሰምጣል። መረጃው ለማንም ሰው በነፃ ነው። በፈረንሳይ ተማሪዎች ከእነዚህ አንዱን የራሳቸው አድርገው ይከታተላሉ። እኛም ከሶማሊያ ጠረፍ በስተ ምሥራቅ፣ ዐረብ ባሕር ውስጥ ያለ አንዱን መረጥን። ሰዓቱን ጠብቆ መጥቶ፣ ጭነቱን አራግፎ ስለሚሄድ «ለገሃር» ብለው ስም አወጡለት። በየ10 ቀኑ ቁጥሮቹን በቴሌግራም ልልክላቸው፣ ተማሪዎቹ በካሬ ወረቀት ላይ ግራፉን ሊሠሩ ተስማማን፤ ኢንተርኔት የግድ አይደለም፣ የአንድ መምህር ስልክ ይበቃል። ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ክፍሎች የሚሆነውን ራሳቸው ይመልሱታል። አንድ መምህር ሶማሊኛው ውቅያኖስን «ባድዌይን»፣ ትልቅ ባሕር፣ እንደሚለው ሲነግረን ቀናሁ። የእኛው ከግሪክ የመጣ ቃል ለልጅ ምንም አይነግረውም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የመጀመሪያውን ላክሁ። በአራተኛው ቀን ፎቶ መጣልኝ፦ ሁለት ካሬ ወረቀት በፕላስተር ተያይዞ፣ ጥልቀቱ እንደ ጉድጓድ ቁልቁል ተጽፎ፣ መስመሩ ከላይ 27 ዲግሪ ተነሥቶ ታች 2,000 ሜትር ላይ 3 ገደማ ደርሷል። የዜሮው ነገር ስለገባቸው ጎኑ ላይ «ይህ የእውነት ሙቀት ነው» ብለው ጽፈውበታል። ከሥሩ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ አለ፦ «እዚህ ድሬ እንዲህ እየሞቀ፣ ባሕሩም ላይ ላዩን እየሞቀ፣ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ከየት መጣ?»

በአብዛኛው ከደቡብ ዋልታ አካባቢ ነው፤ እዚያ የቀዘቀዘ ጨዋማ ውሃ ከብዶ ይሰምጥና በባሕሩ ወለል ላይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት እየተሳበ ይመጣል። ይህን ጽፌ ልልክ ስል አቆምኩ። ማድ ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ፤ በሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨውና ሰማያዊ የብዕር ቀለም አሟሟሁ። ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ቀዝቃዛውን በብርጭቆው ግድግዳ ቀስ አድርጌ አንቆረቆርኩት። ሰማያዊው ወርዶ ሥሩ ላይ ተኛ፣ ንጹሑ ከላይ ቀረ። እሱን ላክሁላቸው።