ቺንጋው ትከሻዬ ላይ ሆኖ

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ከአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ተጠራሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው በጨመቃ ጊዜ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይጮኻል። ባዶውን አስነሥቼ ጨመቃ ላይ ሳደርገው፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጉርምርምታው ወደ ፉጨት እየቀጠነ ሄደ። መብራቱን ነቅዬ በሩን ከፈትሁና ልብሱ የሚገባበትን ከበሮ ከንፈር ወደ ላይ ሳነሣው ተንቀሳቀሰልኝ። ይህንኑ ይዤ «የከበሮው ኩሽኔታ አልቋል፣ እትዬ» አልኋቸው፤ ኩሽኔታ ዘንጉ ለስልሶ እንዲዞር የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት ነው።

በማሽኑ የምትሠራው ግን ቤቱን የምታግዛቸው ወጣት ነበረች። ካቻቢቴዬን ሳወጣ በሩ ሥር ቆማ «ጋሼ፣ ልብስ ቢሞላም ባዶ ቢሆንም ድምፁ ያው ነው። ደግሞ የሚጮኸው ከታች ነው» አለችኝ። «እሺ እህቴ» ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ከተናገረቻቸው ሁለት ነገሮች አንዱን እንኳ ብመዝን ኖሮ የዚያን ቀን ድካም በቀረልኝ ነበር። የከበሮ ኩሽኔታ የእርጥብ ልብስን ክብደት የሚሸከም በመሆኑ ሲያልቅ ጭነት በበዛ ቁጥር ድምፁ ይከብዳል፤ ብዙውን ጊዜም የሚበላሸው የውሃ መከላከያው ጎማ አሳልፎ ውሃ ሲያስገባበት ስለሆነ፣ ከበሮውን ከውጪ ከያዘው ገንዳ ጀርባ የዝገት መስመር ይተዋል። ጀርባውን ከፍቼ ሳይ ዝገት የሚባል ነገር አልነበረም። በእጄ ያገኘሁት ንቅናቄም ቢሆን የከበሮው አልነበረም፤ ገንዳው በሙሉ በሞላና በአሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሲያነሡት አብሮ ይነሣል። መታየት የነበረበት የውስጡ ከበሮ ከውጪው ገንዳ ተለይቶ መወዛወዙ ነበር።

ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ዙረት ለከበሮው የሚያስተላልፈውን የጎማ ቀበቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አውልቄ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልሁት። በዚያች ቅጽበት ከበሮውና ሞተሩ ተለያይተው ነበርና፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ በእጅ አዙሮ ለመስማት ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። እኔ ግን ስለ ኩሽኔታው እርግጠኛ ስለነበርሁ ገንዳው እንዳይዘል ወደሚይዘው የኮንክሪት ክብደት፣ ወደ ቱቦዎቹና ወደ ገንዳው ብሎኖች አለፍሁ። ገንዳውን አውጥቶ ለሁለት መክፈት ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ወሰደብኝ።

የወጡት ኩሽኔታዎች 6205 እና 6206 ነበሩ። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በአምስት ሲያባዙ የውስጥ ቀዳዳው በሚሊ ሜትር ይገኛል፤ ማለትም 25 እና 30። ቁጥሩ ለሁሉም አምራች አንድ በመሆኑ የማሽኑ መለዋወጫ ባይገኝ እንኳ ከመኪና ዕቃ ሱቅ ይገዛል፤ ለውሃ ቦታ ግን ክዳኑ ጎማ የሆነውን መምረጥ ይሻላል። በባጃጅ ሄጄ አዲሶቹን ይዤ ስመለስ፣ አሮጌዎቹን ጣቴ ላይ አድርጌ አሽከረከርኋቸው። ያለ አንዳች ኮሽታ ለስልሰው ዞሩ። መሳሳቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሆኖም መምህርቷ ቡና ይዘው ሲመጡ «እነዚህ ጊዜያቸው ደርሷል» አልሁና አዲሶቹን ገጠምሁ። ከስሕተቱ ይልቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ንግግሬ ነው።

አመሻሹ ላይ ማሽኑ ሲነሣ ያው ጩኸት ተመለሰ። ነቀልሁት፤ ቺንጋውን አወለቅሁና ከታች ያለውን የሞተሩን ትንሽ ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን መንኮራኩር) በጣቴ አዞርሁት፤ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይፍጭ ጀመር። ከበሮው በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር፣ የከበሮው ትልቁ ፑሊ ከሞተሩ ትንሹ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ ሞተሩ ከ10,000 በላይ ይዞራል። ፉጨቱ የቀጠነውም ለዚህ ነበር። በማግሥቱ ለሞተሩ መብራት የሚያቀብሉትን ካርቦኖች አውጥቼ ሞተሩን ከፈትሁ፤ በፑሊው በኩል ያለው የ6202 ኩሽኔታ ግሪሱ ደርቆ ነበር። አዲሱን ወደ ዘንጉ ሳስገባ የመታሁት የውስጥ ቀለበቱን ብቻ ነው፤ የውጪውን የመታ ሰው ኳሶቹን አቁስሎ አዲስ ጩኸት ይገጥማል።

ሒሳብ ሲደርስ መምህርቷ «ታዲያ የትናንትናዎቹ ምን ሆነው ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ምንም አልሆኑም፣ እትዬ። ደኅና ነበሩ፤ ደኅና መሆናቸውንም ሳልገጥም በፊት አውቄያለሁ» አልሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። የሁለቱን ኩሽኔታዎች ዋጋና የመጀመሪያውን ቀን ድካሜን ከሒሳቡ አውጥቼ የ6202ቱንና የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ተቀበልሁ። ወጣቷ በዚህ መሐል አንሶላ ሞልታ ማሽኑን አስነሥታ ነበር። ጨመቃው ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ሥሩ አስጠጋችና፣ ቀና ሳትል «አሁን ከታች ዝም ብሏል» አለች።