መሳቢያ ውስጥ የከረመው ደብዳቤ

የአይአርኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ ሲመጣ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ የምከት ሰው ነበርኩ። ካልከፈትኩት የሌለ ይመስለኛል። 2024 ላይ ግን ፖስተኛው አስፈርሞ የሰጠኝን ባለቤቴ ከፈተችው። 11,400 ዶላር ይላል። ካልከፈልን ከደሞዝና ከባንክ እንደሚወስዱም ይላል። «የኔንም ደሞዝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ታክሱን አብረን ነው የምናሠራው፤ ምን ልበላት?

ነገሩ እንዲህ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ፤ ኡበር እነዳለሁ። የ2021ን ታክስ የሠራልኝ ሰው ባንክ የገባልኝን ብቻ ጻፈ። 1099-ኬ የሚባለው ወረቀት ግን ተሳፋሪው የከፈለውን በሙሉ ነው የሚያሳየው፤ ኩባንያው የሚቆርጠውን ኮሚሽን ጭምር። ልዩነቱን ያልተናገርኩት ገቢ ነው ብለው ያዙብኝ። በጊዜው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስደነግጥ ሬዲዮ ላይ «የታክስ ዕዳዎን እናስሰርዛለን» የሚል ድርጅት ጋ ደወልኩ። ደብዳቤውን ላክልን እንኳ አላሉኝም፤ የካርድ ቁጥሬን ነው የጠየቁት። 1,800 ዶላር ሄደ። በሁለት ሳምንት አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አራት የተለያየ ሰው አነሳ። ታሪኬን ሁሌም ከሀ እጀምራለሁ።

ሬገን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ለአንድ አንጋፋ ሹፌር አጫወትኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ቢሮው ሄደህ ፊቱን የምታየው ሰው ያዝ» አሉኝ።

ሦስት ጠበቆች ጋ ደወልኩ። ሁለቱ ስለ ዋጋ አወሩኝ። ሦስተኛዋ «ደብዳቤዎቹን በሙሉ ይዘህ ና፣ ያልተከፈቱትንም» አለችኝ። ከመሄዴ በፊት የጠበቆችን ፈቃድ በሚቆጣጠረው በቨርጂኒያ ስቴት ባር ድረ ገጽ ፈቃዷንና የቅጣት መዝገቧን አየሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለመጀመሪያው ድርጅት ይህን አለማድረጌ አሁንም ያበሽቀኛል።

ቢሮዋ ስገባ ዕዳውን አላየችም፤ ቀኑን ነው ያየችው። ካሌንደር ስባ በእርሳስ መቁጠር ጀመረች። የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው እንጂ እኛ ከከፈትንበት አይደለም። 22 ቀን አልፏል። እንዲሰሙን ለመጠየቅ ያለን 30 ቀን ነው። «ስምንት ቀን አለህ» አለችኝ። በእኔ ስም እንድትናገር ፎርም 2848 ፈረምኩላት። እንዲሰሙን የሚጠየቅበትን 12153 የሚባለውን ፎርም እዚያው ሞልታ በማግስቱ ላከችው። ጉዳዩ እስኪታይ ደሞዛችን ላይ የሚመጣው ነገር ቆመ።

«ዕዳውን በትንሽ ብር ተስማምተው አይሰርዙልኝም?» አልኳት። «ቤት አለህ። ቤቱ ቢሸጥ ከባንክ ዕዳው የሚተርፍህን ገንዘብ ይቆጥሩብሃል፤ አይቀበሉህም። በዚህ አላስከፍልህም» አለችኝ። ያመንኳት ያኔ ነው።

ከዚያ ስለ ማይል ጠየቀችኝ። በ2021 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ 56 ሳንቲም ይቀነስ ነበር፤ እኔ መዝግቤ አልያዝኩም። ግን መኪናዬ ውስጥ ዘይት ያስቀየርኩባቸው ደረሰኞች ተጨማደው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ላይ የዕለቱ ማይል አለ። አንድ በአንድ ዘረጋጋቻቸውና ከኡበር አፕ የዓመት ሪፖርት ጋር አስተያየቻቸው፤ ሒሳቡ እንደገና እንዲታይ አመለከተች። ወራት ፈጀ። ዕዳው 4,100 ሆነ፣ በወር 150።

የእሷ ዋጋ 2,500 ነበር፤ አንድ ጊዜ ተቆርጦ፣ በጽሑፍ። በኋላ እንደገባኝ ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባሉት የታክስ ባለሙያዎችም አይአርኤስ ፊት መቆም ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም ይረክሳሉ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ደግሞ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚረዱ የታክስ ክሊኒኮች አሉ። የእኛ የሁለታችን ገቢ ስለሚበልጥ አልተቀበሉንም።

ወርኃዊው ክፍያ አሁን ከባንክ በራሱ ይቆረጣል። 1,800ዋን ለማስመለስ ግን እስከ ዛሬ እየተጨቃጨቅኩ ነው፤ ትናንትም ስደውል አዲስ ሰው አነሳ።