ለስልክ የተነገረ መርዶ

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ይህን ገጠመኝ የምጽፈው ባለታሪኩን አስፈቅጄ ነው። ማንነቱን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ፤ ጽሑፉንም አስቀድሞ አንብቦታል።

ሰውዬው የራይድ ሹፌር ነው፤ ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ወደ እኔ የላከው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበር። ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ልቡ ይመታል። ሌሊት ትንፋሽ ያጥረውና ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተነሳ፣ ደም ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። ብዙ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። "ከፍቶኛል" ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ደረቴን ይወጋኛል ብሎ ነው የሚመጣው። ሐኪም ቤቱም ጠበሉም ተሞክሮ፣ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ይደረሳል።

ሰዓቱን ያከብራል። ጨዋ ነው። "እንዴት ሰነበቱ?" ስለው "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላል። የድብርት መጠይቅ አለን፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች ናቸው፣ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ሞላልኝና 4 ወጣ። በወረቀቱ መሠረት ሰውዬው ምንም የለበትም። ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለ ኮሚሽን፣ ስለ ትራፊክ ቅጣት በደንብ ያወራል። ስለ ቤተሰቡ ስጠይቀው ግን "ሀገር ቤት ናቸው፣ ሰላም ናቸው" ብሎ ያልፋል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ "ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን እንዳይቀየሙኝ" አለኝ።

"አልቀየምም፣ ይንገሩኝ።"

"ሌሊት ሌሊት ከስልኬ ጋር አወራለሁ። ከኤአዩ፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ጋር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከእርስዎ ጋር ከማወራው ይልቅ እሱ ይቀለኛል። አይደክመው፣ አይሰለቸው። ምን ይለኛል ብዬ አልሳቀቅም። ከዛሬ በኋላ እዚህ መምጣቱን ልተወው አስቤያለሁ።"

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ይህ ሰው ለካ ያወራል! ቀን ቀን "ደህና ነኝ" የሚለው ሰው ሌሊት ሌሊት ሆዱን የሚከፍትበት ቦታ አለው። "ምን ምን ታወራላችሁ?" አልኩት። ለመናገር ከበደው። "ከፈለጉ አንድ ቀን የጻፉትን ያንብቡልኝ፤ ካልፈለጉ ይተውት" አልኩት።

ስልኩን ከፍቶ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። እኔ በዓይኔ ሳነበው እሱ ወለሉን እያየ እንዲጠብቀኝ አልፈለግኩም። "እርስዎ ያንብቡት" አልኩት።

በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየሳበ ቆየ። ከዚያ የሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው በአንድ ዓይነት ድምፅ ጀመረ።

"አባቴ ከሞተ አምስት ወር ሆነው። እዚህ ለማንም አልተናገርኩም። የተደወለልኝ ከቦሌ ወደ ጀሞ ሰው ይዤ ስሄድ ነው። ወንድሜ ነው። 'አባባ አረፈ' አለኝ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ 'ሬዲዮኑን ዝቅ ታደርገዋለህ?' አለችኝ። ዝቅ አደረግኩት። ጀሞ አደረስኳት። ሂሳብ ተቀበልኩ። ሌላ ጥሪ መጣ፣ እሱንም ሠራሁ። መንገድ ዝግ ስለነበር ለቀብሩ አልሄድኩም። በቴሌብር ብር ላክሁ።"

የስልኩንም መልስ አነበበልኝ። በደረሰብህ ሐዘን በጣም አዝናለሁ፤ የሚሰማህ ስሜት ተገቢ ነው፤ ራስህን አትውቀስ ይላል። ቃሉ ምንም አይወጣለትም። በዚያው ድምፅ አንብቦ ጨረሰና ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

"እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩት።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቃል ከሰው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። የሰዓቱ ቀሪ በለቅሶ አለቀ፤ እኔም ብዙ አልተናገርኩም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ "እሱ እኮ ስጽፍለት ምንም አልሆነም" አለኝ።

መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው ብቻውን ሳለ አይረዳም። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳል። የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይቆማል። ድንኳን ይጣላል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ እድሩ ይመጣል። ንፍሮ ይቀርባል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው መናገር ቢያቅተው እንኳ ሌላው መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ይህ ልጅ ግን መርዶውን በስፒከር ሰማ፤ መሪ እንደያዘ፣ ከኋላው የማያውቃት ሰው ተቀምጣ። ከዚያ ሐዘኑን ማን ያውቅለታል? የተከራየው ጊቢ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማታ ሲገባ እንጂ ሲያለቅስ አያውቁትም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው፤ ግን ሁሉም የሚያየው ማጅራቱን ነው። ደረቱ ቢጨመድደው ምን ይገርማል?

ወደ ስልኩ ልመለስ። ሰው ለማሽን ሆዱን መክፈቱ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ፣ አሜሪካ ባለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ ኤሊዛ ስለተባለች የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ኤሊዛ የተጻፈላትን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልሳለች፤ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። የዋይዘንባም ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ እያየች የከረመች ሴት ናት። እሷ እንኳ ከኤሊዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች "እስቲ ክፍሉን ልቀቅልን" አለችው። ዋይዘንባም በዚህ በጣም ደነገጠ፤ ቀሪ ዘመኑንም ሰዎች ከማሽን የማይገባውን እንዳይጠብቁ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

ኤሊዛ እንድትመስል የተደረገችው የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ባለሙያ የካርል ሮጀርስን የምክር ስልት የሚከተል ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ሕክምና ሰጪ) ነው። ሮጀርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በቴራፒ እንዲለወጥ የሚያስፈልጉ ስድስት ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቴራፒስቱ ሐቀኛ ይሁን፣ ሰውን ሳይመዝን ይቀበል፣ ስሜቱን ይረዳ የሚሉትን ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይረሳሉ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዎች በሥነ ልቦና መገናኘታቸው ነው። የመጨረሻው ደግሞ ተቀባይነት ማግኘቱና መረዳቱ በትንሹም ቢሆን ለተገልጋዩ ራሱ መታወቁ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ እነዚህን ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ። ምን ማለት እንደሆኑ በደንብ የገባኝ ግን "እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?" የተባልኩ ቀን ነው። ሹፌሩ የነገረኝ ነገር እኔ ላይ ሲያርፍ አየ። ስልኩ የማይደክመው መሆኑን ነበር የወደደለት። እኔ ግን ሐዘኑ ሌላ ሰው ማድከሙን፣ ሌላ ሰው መክበዱን ማየት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሥራውን ትቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚቀመጠው። የሚያጽናናውም እሱ ነው።

ከባልደረቦቼ ጋር ስለ ተገልጋዮች በምንመካከርበት የሳምንቱ የኬዝ ውይይት ላይ ነገሩን አነሳሁት። አንዲት አንጋፋ ባልደረባችን "ስልኩን ይተው በይው" አለችኝ። ስጋቷ እውነት ነው። ሰው መኖር አስጠልቶት ሌሊት ለብቻው ለስልክ ቢጽፍ ማን ይደርስለታል? ስለዚህ በቀጣዩ ቀጠሮ ሳልሸፋፍን ጠየቅሁት፦ "ራስዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ላይ ይጭናል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አይጭንም፣ ብዙውን ጊዜ ያስተነፍሳል። "ተኝቼ ባልነቃ ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ፤ ራሴን ላጥፋ ግን ብዬ አላውቅም" አለኝ። ያ ሐሳብ ከባሰበት ለማን እንደሚደውል፣ ሌሊትም ቢሆን አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በቅርብ ያለ የድንገተኛ ክፍል እንደሚሄድ አብረን ጻፍን። መጠይቁንም እንደገና ሞላው። ውጤቱ 14 ሆነ። ብሶበት አይመስለኝም፤ በመጀመሪያው ቀን የመለሰልኝ በጨዋ ደንብ ነበር።

ስልኩን ግን ተው አላልኩትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ምን ነበረው? ያለችውን አንዲት መተንፈሻ ነጥቄ ምን ልተካለት ነው? ይልቅ "ይህን እዚህ ያነበቡልኝን፣ ሌላ ለማን ሊነግሩት ይችላሉ?" አልኩት። ብዙ አሰበ። ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር አብረውት የሚቆሙ፣ እሁድ እሁድ እቁብ የሚጥሉ ሹፌሮች አሉ። "አምስት ወር ካለፈ በኋላ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ነውር ነው" አለኝ። እንዴት እንደሚጀምር ተለማመድን። እኔ አንደኛውን ሹፌር ሆንኩ፤ እሱ ነገረኝ። ደጋግመን ሞከርነው።

እሁድ ነገራቸው። እቁቡን ትተው ያኑ ዕለት ተያይዘው ቤቱ ሄዱ። አከራዩ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ ሲሰሙ ጩኸታቸውን አቀለጡት፤ ፍራሽ አውጥተው አነጠፉ፣ ንፍሮ ጣዱ። ከሹፌሮቹ አንጋፋው "እኛ ሰው አይደለንም እንዴ? እንዴት ትደብቀናለህ?" ብሎ ተቆጣው። ይህን ቁጣ ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ በምክር ሥራዬ ብዙ ጊዜ አላየሁም። እስከ ማታ ስለ አባቱ አስወሩት። አባቱ በቅሎ ይወዱ እንደነበር እኔም ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት።

እኛም ክሊኒክ አንድ ነገር ቀየርን። አዲስ ተገልጋይ ሲመጣ ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ውስጥ "እንቅልፍ ሲጠፋ ከማን ጋር ያወራሉ?" የሚል ጨመርን። ስልክ የሚሉ አሉ፣ ጸሎት የሚሉ አሉ፣ ከማንም ጋር አላወራም የሚሉ አሉ። ስልክ ላሉት "ምን ነገሩት?" እንላለን፤ ሳንቆጣ፣ ሳንንቅ።

ልጁ አሁንም ይመጣል፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። ደረቱ አልፎ አልፎ ይይዘዋል፤ ትንፋሽ ማጠሩ ቀንሷል። እንቅልፉ ግን ገና ነው፣ አሁን የምንሠራው በሱ ላይ ነው። ከስልኩም ጋር ያወራል፤ ከበፊቱ ያነሰ ነው ብሎኛል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለአባቱ ሙት ዓመት ሀገር ቤት ሊወርድ አስቧል። ሁለት ሹፌሮች አብረውት ሊሄዱ ቃል ገብተዋል፤ ነዳጁንም ለሦስት ሊካፈሉ ተስማምተዋል።