የማኅበር አባላትን በትምህርት ማስረጃ ብቻ አትምረጡ

ኮምቦልቻ ላይ የብረታ ብረት ማኅበር ልታቋቁሙ ለተነሳችሁ ይህን የምጽፈው ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ስም ማጽደቅ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሂሳብ ቢያመላልሱም ያልቃሉ። የሚያከስረው የአባላት ምርጫ ነው።

ያደራጀን ባለሙያ ያቀረብንለትን የስም ዝርዝር መልሶ «ውጤት ያለው ሰው አምጡ» አለን። ማስረጃ አገላበጠ፤ አብረን ሠርተን እናውቅ እንደሆነ ግን አንዲት ጥያቄ አላነሳም። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። እንደተባልነው አምስት ጎበዝ በያጆች ሆንን። በየስብሰባው ሁለቱ ይናገራሉ፣ ሦስታችን እንሰማለን።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን ደሴ ለሚሠራ ፎቅ በርና መስኮት ነበር። ልኩን የወሰደችው እህታችን ግድግዳው ገና እንዳልተለሰነ አይታለች። ልትናገር ስትጀምር «እህቴ፣ አንቺ ልኩን አምጪ፣ ሌላውን ለእኛ ተዪው» ተባለች። ደግማ ሞከረች፤ ወሬው ወደ ዋጋ ተሻግሮ ነበር። ቱቦላሬ ብረቱ ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ ቀለም ተቀባ፣ በአይሱዙ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወጣ። እዚያ ስንደርስ ልስኑ ክፍተቶቹን አጥብቧቸው ኖሮ አንድም መስኮት አልገባም። ብድሩ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ስለነበር ዕዳው የተናገረውንም ያልተሰማችውንም እኩል ነካ።

ጉዳዩ የተጠና መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ተመራማሪዋ አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ 699 ሰዎችን በትንንሽ ቡድኖች አሠርተው በ2010 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የቡድኑን ብቃት በይበልጥ ያመለከተው የአባላቱ አማካይ የአእምሮ ችሎታ ወይም የአንዱ ሊቅነት አልነበረም። የሌላውን ስሜት ከዓይኑ የሚያነቡ፣ የመናገር ተራ ለሁሉም የሚደርስባቸው፣ ሴቶች በርከት ያሉባቸው ቡድኖች በልጠዋል። የሴቶቹ ድርሻም በአብዛኛው ከዚያው ስሜት የማንበብ ችሎታ ጋር የተያያዘ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቤትስና ጉፕታ የተባሉ ተመራማሪዎች «ዋናው የግለሰቦቹ ችሎታ ነው» የሚል ውጤት አቅርበዋል። ይከራከሩበት፤ እኛ ዘንድ ግን በያጅ አልጠፋም፣ ልክ የወሰደችውን ሴት የሚሰማ ጠፋ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ አነስተኛ ሥራ አብራችሁ ሥሩና ማን ማንን እንደሚያቋርጥ እዩ። ከሁለቱ ተናጋሪዎች አንዱ ሲለቅ ዲፕሎማ የሌላት፣ የደንበኛን ሐሳብ ከፊቱ የምታውቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሠራተኛ አስገባን። ዛሬ ልክ የወሰደው ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ሳይጠይቁት ብረት አይቆረጥም። በዚህ እኮራለሁ። ሥርዓቱን በመተዳደሪያ ደንባችን ልናስገባ ስንል ያው ባለሙያ «ቅጹ ላይ የለም» ብሎ ሰረዘው። በቃለ ጉባኤ አጽድቀን እየሠራንበት ነው።